አጥቂው ለባላንጣ ሲሸጥ፦ የዝውውር ዋጋ ከየት መጥቶ የት ይገባል?

ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ካፌዎች ባንዱ በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች በቤንጃሚን ሼሽኮ ዋጋ ይከራከራሉ እንበል። አንዱ «66 ሚሊዮን ነው የወጣበት» ይላል። ሁለተኛው «74 ነው፣ አትሸውደን» ይለዋል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ «85 ይላል እኮ፣ አንብቡት» ብሎ ከማኪያቶዎቹ መሀል ያስቀምጠዋል። ነገሩ ግን ሦስቱም ልክ ናቸው። ማንቸስተር ዩናይትድ በኦገስት 2025 ከላይፕዚግ ጋር የተስማማው በ76.5 ሚሊዮን ዩሮ ቋሚ ክፍያና በ8.5 ሚሊዮን ዩሮ ጭማሪ ነው፤ ድምሩ 85 ሚሊዮን ዩሮ። ይህንኑ ወደ ፓውንድ ሲመነዝሩት ቋሚው 66.3፣ ድምሩ 73.7 ሚሊዮን ይሆናል። አንዱ በዩሮ ሰምቷል፣ ሌላው በፓውንድ፤ አንዱ ጭማሪውን ደምሯል፣ ሌላው ትቶታል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ዋጋ ሲነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን ገንዘብ?» ነው። ቀጥሎ «እስከ» የምትለዋን ቃል መፈለግ ነው። «በ85 ሚሊዮን» እና «እስከ 85 ሚሊዮን» አንድ አይደሉም። ጭማሪው የሚከፈለው ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው፦ ተጫዋቹ ይህን ያህል ጨዋታ ሲሰለፍ፣ ይህን ያህል ጎል ሲያገባ፣ ክለቡ ቻምፒየንስ ሊግ ሲገባ ወይም ዋንጫ ሲያነሳ። ሻጭ ክለብ ለደጋፊው ትልቁን ቁጥር ማሳየት ይወዳል፣ ገዢ ደግሞ ትንሹን። ጭማሪ በድርድር ውስጥ የተወለደው ለዚሁ ነው፤ ሁለቱም ወገን «አሸንፌያለሁ» ብሎ ቤቱ እንዲገባ።

አሁን ወደ ዋናው ሙግት እንምጣ። የአንድ ክለብ ምርጥ አጥቂ ለባላንጣ ሲሸጥ አዲስ አበባ ላይ የሚሰማው ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ከዳን»፣ «ሸጡን»፣ «እንዴት ለነሱ ይሰጣል?»። በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ከሁሉም በላይ ዋጋውን የሚወስነው ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ ውሉ ላይ የቀረው ጊዜ። ችሎታ፣ ዕድሜ፣ ጎል ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሁለት ዝውውሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በኦገስት 2012 አርሰናል ሮቢን ቫን ፐርሲን ለማንቸስተር ዩናይትድ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። ልጁ በቀደመው የውድድር ዓመት በሊጉ 30 ጎል ያገባ የቡድኑ አምበል ነበር። ዕድሜው 29፣ ውሉ ላይ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ። ጁላይ ላይ «ውሌን አላድስም» ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ደግሞ ኒውካስል አሌክሳንደር ኢሳክን ለሊቨርፑል በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ፤ በእንግሊዝ ክለቦች ታሪክ ትልቁ ዋጋ። እሱም በቀደመው ዓመት 23 የሊግ ጎል አለው፤ ከቫን ፐርሲ ያነሰ ነው። ግን 25 ዓመቱ ነበር፣ ውሉ ላይም ሦስት ዓመት ቀርቶታል። በመሀል የኳሱ ገበያ መወደዱ እንዳለ ሆኖ፣ የልዩነቱ ትልቁ ድርሻ ከዚያ የመጣ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነፃ ይሄዳል። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ ክለብ ውሉን የጨረሰ ሰው ይዞ ዋጋ መጠየቅ አይችልም። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ሲገቡ ደግሞ ተጫዋቹ ከውጭ አገር ክለብ ጋር ቅድመ ውል መፈረም ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓመት የቀረው አጥቂ እንደ ቀኑ መጨረሻ ቲማቲም ነው፤ ገዢው እየመሸ መሆኑን ያውቃል። አርሰናል በ2012 የነበረው ምርጫ «ለዩናይትድ እንሽጥ ወይስ አንሽጥ» አልነበረም። ምርጫው ዛሬ 24 ሚሊዮን መውሰድ፣ ወይም አንድ ዓመት አጫውቶ በነፃ መሸኘት ነበር። ሌላ ፈላጊ ቢኖር እንኳ ተጫዋቹ «እዚያ ነው የምሄደው» ካለ ማንም በግድ ሌላ ቦታ ሊያስፈርመው አይችልም።

ውጤቱ አርሰናል ደጋፊ ዘንድ እስከ ዛሬ ያቃጥላል። ቫን ፐርሲ በመጀመሪያ ዓመቱ 26 የሊግ ጎል አገባ፣ ዩናይትድ 20ኛ ዋንጫውን ወሰደ፣ ይባስ ብሎ ኤፕሪል 28 ቀን 2013 የአርሰናል ተጫዋቾች በራሳቸው ሜዳ ለሻምፒዮኖቹ ተሰልፈው አጨበጨቡ። ያም ሆኖ ሽያጩን ስህተት ነው ማለት ይከብዳል። ስህተቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ውሉ ገና ሦስት ዓመት እያለው አለማደሳቸው ነው። ለባላንጣ መሸጥ ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም ለማለትም ፈርናንዶ ቶሬስ አለ። ሊቨርፑል በጃንዋሪ 2011 ለቼልሲ በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው፤ ቼልሲ ቤት በ110 የሊግ ጨዋታ 20 ጎል ብቻ አገባ። በዚያው የዝውውር መስኮት (ክለቦች ተጫዋች መግዛትና መሸጥ የሚችሉበት የተወሰነ ጊዜ) ሊቨርፑል ሉዊስ ሷሬዝን አመጣ።

ኢሳክ ጋ ሁኔታው ተገላቢጦሽ ነው። ሦስት ዓመት የቀረው ውል ለኒውካስል እንደ ቁልፍ ነው፤ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ የሊቨርፑልን 110 ሚሊዮን ፓውንድ «አይሆንም» ብሎ መለሰ። ተጫዋቹ ከቡድኑ ተለይቶ መጫወት እንደማይፈልግ አሳወቀ፤ ያም ሆኖ ክለቡ ምትክ እስኪያገኝ ጠበቀ። ኒክ ቮልተማደ ከሽቱትጋርት መጣ፣ ዮአን ዊሳ ከብሬንትፎርድ ተከተለ፣ ዋጋውም በ15 ሚሊዮን አደገ። ረጅም ውል ያለው ክለብ በጊዜ ይጫወታል። ጉዳቱ ግን አለ፦ የቅድመ ውድድር ልምምድ ያመለጠው አጥቂ በኦገስት የሮጠውን ልጅ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። ገዢውም የሚከፍለው ለዚያ ጭምር ነው። (ኢሳክ ስዊድን ቢወለድም ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ እዚህ ከተማ ስሙ እንደ ጎረቤት ልጅ የሚጠራው ለዚህ ይመስላል።)

«ኒውካስል እምቢ ማለት ከቻለ ናፖሊ ለምን እምቢ አላለም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጎንዛሎ ኢጓይን በ2015/16 በጣሊያን ሊግ 36 ጎል አግብቶ በማግስቱ ክረምት ወደ ጁቬንቱስ ሄደ፤ 90 ሚሊዮን ዩሮ፣ በሁለት ዓመት የሚከፈል። ውሉ ላይ የማፍረሻ ዋጋ ተጽፎ ስለነበር ናፖሊ በሩን መዝጋት አልቻለም። የማፍረሻ ዋጋ ማለት «ይህን ያህል ያመጣ ይወስደዋል» የሚል አንቀጽ ነው። ስፔን ውስጥ እያንዳንዱ ውል ላይ የግድ ይገባል፤ ሉዊስ ፊጎ በ2000 ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ የሄደው በዚሁ መንገድ፣ በ10 ቢሊዮን ፔሴታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግዴታ አይደለም፣ ከተጻፈም በምስጢር ይያዛል። አጻጻፉ ሲያከራክር ምን እንደሚመጣ ያሳየው የአርሰናል የ2013 ሙከራ ነው፦ የሷሬዝ ውል ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ላመጣ በሩን የሚከፍት አንቀጽ አለ ብሎ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ከ1 ፓውንድ አቀረበ፤ የሚታወሰውም በዚያች አንድ ፓውንድ ነው። ሊቨርፑል አልሸጥም አለ፣ አርሰናልም ባዶ እጁን ቀረ።

አሁን ደጋፊን በጣም ወደሚያምታታው ክፍል ደረስን። «ባለፈው ዓመት ኪሳራ አለብን ያሉት እነዚህ ሰዎች 125 ሚሊዮን ከየት አመጡ?» መልሱ በሂሳብ መዝገብ ውስጥ ነው።

ያ ካፌ አንድ የቡና ማሽን በ600,000 ብር ገዛ እንበል። አምስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይገመታል። የሂሳብ ሠራተኛው በመጀመሪያው ዓመት 600,000 ወጪ ብሎ አይጽፍም፤ በየዓመቱ 120,000 እያለ ለአምስት ይከፍለዋል። ሦስት ዓመት ሲሞላ ማሽኑ መዝገቡ ላይ ያለው ዋጋ 240,000 ብር ነው። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ በ400,000 ቢገዛው፣ በ600,000 የተገዛ ዕቃ በ400,000 ተሽጦ መዝገቡ 160,000 ብር «ትርፍ» ያሳያል። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ሂሳቡ ትክክል ነው።

ተጫዋችም እንዲሁ ነው፤ በማሽኑ ዕድሜ ፋንታ የውሉ ዘመን ይገባል። ኒውካስል ኢሳክን በ2022 በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለስድስት ዓመት አስፈረመው፤ በዓመት 10 ሚሊዮን። ሦስት ዓመት አልፎ መዝገቡ ላይ 30 ሚሊዮን ሲቀረው በ125 ሸጠው። በግርድፉ 95 ሚሊዮን ትርፍ፣ ያውም ሙሉው በአንድ ዓመት ተመዝግቦ። ሊቨርፑል በበኩሉ ለስድስት ዓመት ቢያስፈርመውም ለአምስት ብቻ ነው የሚያካፍለው፦ በዓመት 25 ሚሊዮን። ስድስቱ ወደ አምስት የወረደው በቼልሲ ምክንያት ነው። ቼልሲ በ2023 መጀመሪያ ሙድሪክንና ኤንዞ ፈርናንዴዝን ለስምንት ዓመት ተኩል እያስፈረመ ዓመታዊ ወጪውን ሲያሳንስ፣ መጀመሪያ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበሩ ዩኤፋ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ፕሪምየር ሊጉ «ከአምስት ዓመት በላይ ማካፈል የለም» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ሻጭም ገዢም ደስ ብሏቸው የሚለያዩት። የሻጩ ትርፍ ዛሬ በሙሉ ይገባል፣ የገዢው ወጪ ግን በአምስት ይከፈላል። የፕሪምየር ሊጉ የኪሳራ ሕግ ደግሞ ይህን ጨዋታ አጡዞታል። እስከ 2025/26 የውድድር ዓመት የተሠራበት ይህ ሕግ በሦስት ዓመት ድምር፣ ባለቤቶቹ ከኪሳቸው እስከሸፈኑ ድረስ፣ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰርን ይከለክላል። ገደቡን ያለፈ ነጥብ ይቀነስበታል። ኤቨርተን በ2023/24 መጀመሪያ 10 ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ 6 ወረደ፣ በኋላ ሌላ 2 ተጨመረበት።

ለአጥቂ ሽያጭ ግን ትምህርቱ ያለው ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ነው። ከሦስቱ ዓመት ሁለቱን በታችኛው ሊግ ስለቆየ የእሱ ገደብ 61 ሚሊዮን ነበር። ብሬናን ጆንሰን የሚባል በራሱ አካዳሚ ያደገ አጥቂ ነበረው። መዝገቡ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ማለትም የሚሸጥበት እያንዳንዱ ፓውንድ ትርፍ ነው። የሂሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ጁን 30 ላይ ነበር። ፎረስት ከዚያ በፊት የመጣለትን አነስ ያለ ዋጋ ትቶ ጠበቀና፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ለቶተንሃም በ47.5 ሚሊዮን ሸጠው። ጥሩ ዋጋ ነው፣ ግን ሁለት ወር ዘግይቷል። ክሱን የሰሙት የሕግ ዳኞች «ዋጋው እንዲያድግ ነው የጠበቅነው» የሚለውን መከራከሪያ አልተቀበሉትም፤ ገደቡ በ34.5 ሚሊዮን ታልፏል ተብሎ 4 ነጥብ ተቀነሰ። ስለዚህ በጁን የመጨረሻ ቀናት አንድ ክለብ የራሱን ልጅ በችኮላ ለባላንጣ ሲሸጥ ካያችሁ፣ ከአሰልጣኙ ይልቅ የሂሳብ ሠራተኛውን ጠርጥሩ። ከ2026/27 ጀምሮ ሊጉ ወደ ሌላ ስሌት ይዞራል፤ ለተጫዋቾች የሚወጣው ገንዘብ ከገቢው 85 በመቶ እንዳያልፍ የሚል ነው። ዝውውሩን በየዓመቱ ማካፈሉ ግን ይቀጥላል።

የዝውውሩ ዋጋ ብቻውን ደግሞ ግማሽ ወሬ ነው። በሳምንት 200,000 ፓውንድ የሚከፈለው አጥቂ ይኑር እንበል። በዓመት 10.4 ሚሊዮን ነው። የእንግሊዝ አሠሪ በዚያ ላይ 15 በመቶ ለማኅበራዊ ዋስትና ይከፍላል፤ 1.56 ሚሊዮን። ድምሩ 12 ሚሊዮን ገደማ። ዝውውሩ በየዓመቱ ከሚካፈልበት 25 ሚሊዮን ጋር ሲደመር በዓመት 37 ሚሊዮን፣ በአምስት ዓመት 185 ሚሊዮን ፓውንድ ይመጣል፤ የወኪል ክፍያና የጎል ቦነስ ገና ሳይገባ። «በነፃ መጣ» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ለሻጭ የሚሄደው ገንዘብ ወደ ደመወዝና ወደ ፊርማ ክፍያ ይዞራል እንጂ ነፃ ሰው የለም።

«በማሊያ ሽያጭ ይመለሳል» የምትለዋም ክርክር ውስጥ ሳትገባ አትቀርም። ማሊያውን የሚያመርተውና የሚሸጠው ድርጅት ነው፤ ክለቡ ከእያንዳንዱ ትንሽ ድርሻ ያገኛል። በ80 ፓውንድ ከሚሸጥ ማሊያ 10 በመቶ፣ ማለትም 8 ፓውንድ ይደርሰዋል ብንል 125 ሚሊዮኑን ለመመለስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ማሊያ መሸጥ አለበት። መርካቶ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ማሊያ ደግሞ ለክለቡ አንዲት ሳንቲም አይልክም።

አሁን እዚህ አገር ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ። ከዝውውር ዋጋ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል፤ የፊፋ ሕግ ነው። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። ዝውውሩ ከአገር ወደ አገር መሆን ነበረበት፤ ከጁላይ 2020 ወዲህ ግን ሁለቱ ክለቦች የአንድ አገር ቢሆኑም፣ ያሳደገው ክለብ የውጭ ከሆነ ይደርሰዋል። ኢሳክ ከኒውካስል ሊቨርፑል ሲሄድ እስከ 17 ዓመቱ ያሳደገው የስቶክሆልሙ ኤአይኬ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ የሚመጣለት በዚህ ነው።

ይህን ወደ እኛ ሰፈር አምጡት። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ አንድን ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ አስመዝግቦ ቢይዘው ድርሻው 2.5 በመቶ ነው። ልጁ አንድ ቀን በ10 ሚሊዮን ዩሮ ቢዛወር 250,000 ዩሮ ይሆናል። ውሉ ሳያልቅ እንደገና በዋጋ ቢሸጥ እንደገና ይመጣል፤ ገዢው በየዓመቱ ከከፈለ ድርሻውም በየዓመቱ ይደርሳል። በነፃ ከሄደ ግን ምንም የለም። ገንዘቡ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ባለው የፊፋ ማወራረጃ ቤት በኩል ነው የሚያልፈው፣ የሚያየውም የምዝገባ ታሪኩን ነው። የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ልጁ ሦስት ዓመት ሜዳ ላይ ሠልጥኖ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ካልገባ፣ ወይም ስሙ አንድ ቦታ ላይ በአያት ስም፣ ሌላ ቦታ ላይ ያለ አያት ስም ከተጻፈ፣ ወይም የትውልድ ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገብቶ ሳይቀየር ከቀረ፣ ዓመቶቹ ሊጠፉ ይችላሉ። በ2020/21 በሊጋችን 29 ጎል አግብቶ በ2022 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው አቡበከር ናስር ዓይነት ልጅ ነገም ይወጣል፤ የምዝገባ ወረቀቱ ከልጁ ጋር አብሮ ማደግ አለበት።

ዋጋው ከተስማማ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው የሕክምና ምርመራ ነው። ሩድ ቫን ኒስትልሮይ በ2000 ወደ ዩናይትድ ሊገባ ሲል የጉልበቱ ነገር አሳስቦ ዝውውሩ ተራዘመ፤ ወዲያው ልምምድ ላይ ጅማቱ ተበጠሰ። ዩናይትድ አንድ ዓመት ጠብቆ በ19 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው፤ በ219 ጨዋታ 150 ጎል አገባለት።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሌስተር በ2017 አድሪየን ሲልቫን ሲያስፈርም ወረቀቱ በ14 ሰከንድ ዘገየና ልጁ እስከ ጃንዋሪ መጫወት አልቻለም። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛው በስያሜው ነው፦ እነሱ የበጋ መስኮት የሚሉት በእኛ ዝናብ ላይ የሚውል ነው፤ «የክረምት ዝውውር» ሲባል የጃንዋሪውን ይሁን የኦገስቱን ጠይቁ። ሁለተኛው በሰዓቱ ነው። በ2025 የእንግሊዝ መስኮት የተዘጋው በእነሱ ከምሽቱ 7፣ በእኛ ሰኞ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ክለቦቹ መስማማታቸውን የሚገልጽ ቅጽ ሞልተው ካስገቡ፣ ቀሪውን ወረቀት ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይጨመርላቸዋል። ስለዚህ 3 ሰዓት ሲሞላ «ቀረ፣ ተረፍን» ብሎ ሂሳብ ከፍሎ መነሳት አያስኬድም፤ ቅጹ ከገባ የባላንጣው ፊርማ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ሊመጣ ይችላል።